በእናቴ እርምጃ አስፋልት መሻገር

በዚያ ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እናቴ፣ ዘንጓን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ከፊተኛው ወንበር። ከእሷ ቀጥሎ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን፣ እኔ አባባ የምላቸው ሙስሊም ሽማግሌ። ከኋላቸው ከየቀበሌው ተጠርተው የመጡ የመርሳ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች። ከፊት ለፊታቸው ከሩቅ ከተማ የመጣች፣ ጥያቄ የምትጠይቅ ወጣት ሴት። ከጎኗ መልሱን በታብሌት የሚመዘግብ የሥራ ጓደኛዋ፤ እስከ ምሳ ድረስ አንገቱን ቀና ሲያደርግ አላየሁትም። ሰዉን ሰብስቦ ያመጣው አስተባባሪ፣ የእኛው አካባቢ ልጅ። በሩ ላይ ዘበኛው። ከዘበኛው አጠገብ ደግሞ ማንም ያልጠራኝ እኔ።

እንግዶቹ የመጡት መርሳ ላረጀ ሰው ምን ያህል እንደምትመች ሊመዝኑ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ባነርም ይህንኑ ይላል። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቀስ ብዬ ካልሆነ አላነብም። አባባ ዞር ብለው ምን እንደሚል ጠየቁኝና «ለአረጋውያን ምቹ ከተማ» ብዬ አነበብሁላቸው።

«አረጋውያን ማናቸው?» አሉኝ።

«እናንተ ናችሁ አባባ።»

«አሃ» አሉና ወደ እናቴ ጠጋ ብለው «እታለም፣ በስተርጅና ስም ወጣልን» አሏት። የእናቴ ጆሮ ስለሚከብድ ጮክ ብለው ነው የተናገሩት፤ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ።

እኔ እዚያ በር ላይ የቆምሁት በአስፋልቱ ምክንያት ነው። መርሳን ለማያውቅ ልንገር። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ ከተማችንን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። የእኛ ቤት ከመንገዱ ወዲህ ነው። እናቴ የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያን፣ አባባ የሚሰግዱበት መስጊድ፣ ጤና ጣቢያው፣ ገበያውና ይህ አዳራሽ ግን ከመንገዱ ወዲያ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ ይወርድበታል፤ ባጃጁ ደግሞ በመሐል በመሐሉ ይሾልካል። ድሮ ለእግረኛ የተቀባ ነጭ መስመር ነበረ፤ ጎማ ልሶት ጠፍቷል።

እናቴና አባባ ለዓመታት ይህን መንገድ የሚሻገሩት አብረው ነበር። ረፋድ ላይ ይወጣሉ። እሷ ተሳልማ ጥላው ሥር ትንሽ ትቀመጣለች፤ እሳቸው ከአንድ ልብስ ሰፊ ጓደኛቸው ሱቅ በር ላይ ሆነው ዙሁር ሶላት እስኪደርስ ይጫወታሉ። ሲመለሱም አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ አይሻገርም። የአባባን ግራ ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ የእናቴ ጆሮ እንዳልሁት ከብዷል። እሷ ታያለች፣ እሳቸው ይሰማሉ። መንገዱ ዳር ሲቆሙ «መጣ?» ትላቸዋለች፤ «ድምፁ አለ፣ ቆይ» ይሏታል። ቀጥለው «አሁንስ ይታያል?» ይሏታል፤ «ሄዷል፣ ና እንሂድ፣ አንቱ ሰውዬ» ትላቸዋለች። ና እና አንቱን ስትቀላቅል እኔ እስቃለሁ፤ እሳቸው ግን ለምደውታል።

አንድ ቀን አባባ ለቅሶ ሊደርሱ ወደ ትውልድ ቀያቸው ወደ ግራና ሄዱ። እናቴ ብቻዋን ወጣች። ከኋላ የመጣ ባጃጅ መስታወቱ ነጠላዋን ያዘና አዙሮ ጣላት። የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ። ወጌሻ አሻት፤ ሳይሻል ሲቀር ወልዲያ ድረስ ወሰድኋት። እጇ ቀስ በቀስ ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን አላስወጣትም አልሁ።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም። ልጆቼ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ። ከሰል ሳላጠፋ የወጣሁ መስሎኝ ከገበያ መንገድ የተመለስሁበት ቀን ብዙ ነው። ባለቤቴ ጎሚስታ ነው፤ ቤታችን አጠገብ መንገዱ ዳር ጎማ ይጠግናል። «አንቺ ብትችዪ ፀሐይንም እንዳትወድቅ ከሥር ትደግፊያት ነበር» ይለኛል። ስለዚህ እናቴን ከክርኗ ከፍ አድርጌ ጥብቅ አድርጌ እየያዝሁ ማሻገር ጀመርሁ። እየጎተትሁ ነበር ማለት ይሻላል። ክፍተት ሳይ በረርሁ፤ እሷም ዘንጓን አንጠልጥላ ከኋላዬ እየተንገዳገደች።

«ሌባ ይዘሽ ጣቢያ የምትሄጂ ነው የምትመስዪ» አለችኝ አንድ ቀን።

እኔ ሥራ ሲበዛብኝ ደግሞ ጭራሽ አትወጣም። በር ላይ ተቀምጣ ማዶ ማዶውን ታያለች። የደወል ድምፅ አይሰማትም፤ ሰዉ ሲያማትብ እያየች ነው ሰዓቱን የምታውቀው። እናቴ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራሷ ሰዓት፣ በራሷ እግር፣ ማንም ክንዷን ሳይዛት ደጀ ሰላሟ መድረስ። ይህን ለእኔም ለአባባም ያልነገረችበት ቀን የለም።

እንግዲህ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ይህንን ትናገራለች ብዬ ነው በር ላይ ቆሜ የጠበቅሁት።

ጠያቂዋ ደህና ልጅ ነበረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል ለይታ ትጠይቃለች። በከተማው ውስጥ በእግር መሄድ ይመቻል ወይ አለች። መጀመሪያ የተጠየቁት ሽማግሌ ተቀምጠው እንዲመልሱ ብትለምናቸውም ተነሥተው ቆሙ። ድሮ ጭቃ እንደነበረ፣ ዛሬ ግን አስፋልት እንደሆነ ነገሯትና መረቋት። ቀጥላ የተጠየቀችው አሮጊት እንግዶቹን በሰላም ላመጣ አምላክ ምስጋና አቀረበችና ልጅቱን እናትሽ አለች ወይ ብላ ጠየቀቻት። ትራንስፖርትስ? ተመስገን፣ ባጃጁ እንደ ጉንዳን ነው። ውሃስ? ተመስገን። የምታርፉበት ቦታስ? ተመስገን፣ ምድሩ ሰፊ ነው። የመዝጋቢው ልጅ ጣት ታብሌቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የአስተባባሪው ፊት እየበራ ሄደ።

የእናቴ ተራ ደረሰ።

«ምን ጎድሎብኝ ልጄ?» አለች እናቴ። «ሁሉ ሙሉ ነው። ይልቅ አንቺን መንገዱ ጎድቶሻል፤ ከስተሻል።»

አባባም ተጠየቁ። «አልሃምዱሊላህ» አሉ። «መርሳ ጀነት ናት።»

ጧት ሲሻገሩ አንድ አውቶቡስ ጥሩምባውን ከነፋባቸው ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ውሃ ሲታደል ከበሩ ተነሥቼ እናቴ ኋላ ሄድሁና ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ለምን ዋሸሽ አልኋት።

ዞር ብላ አየችኝ። በልጅነቴ ሰው ፊት ስቅበጠበጥ የምታየኝ አስተያየት ነው። «እንግዳ አፉ እህል ሳይነካ ችግር ይዘረገፍበታል?» አለችኝ። «ማን ነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

አባባ ከጎን ሆነው እውነቷን ነው አሉኝ። መጀመሪያ ይብሉ፣ ከዚያ የጠየቁትን እንነግራቸዋለን፤ አሁንማ ከመኪና ወርደው አቧራቸውን እንኳ አላራገፉም አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ዘንድ እንግዳ እንዴት ናችሁ ሲል ቤቱ ቢያፈስም፣ ልጅ ቢታመምም መልሱ ደህና ነው። እንግዳው ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከገበታ ቀምሶ የቤት ሰው ከሆነ በኋላ ነው የውስጥ ነገር የሚወጣው። እነዚህ ሽማግሌዎች አልዋሹም። ጨዋ ሆነው ነው። ልጅቱ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ሰላምታቸውን ተቀብላ መልስ ነው ብላ ይዛው ልትሄድ ነው። ከዚያ መርሳ ምቹ ናት ይባላል፤ እናቴም በር ላይ እንደተቀመጠች ትቀራለች።

እምቢ አልሁ። ሰው ሰብሰብ ባለበት ተናግሬ አላውቅም፤ በወላጆች ስብሰባ እንኳ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ያን ቀን ግን ወደ ልጅቱ ሄድሁ። «እህቴ፣ ይቅርታ» አልኋት። «እስካሁን የነገሩሽ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። መልሱን ከፈለግሽ እኛ ቤት ምሳ ብዪ።»

አስተባባሪው ፈጥኖ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምሳ ሆቴል እንደታዘዘ፣ እኔም ከተጠሩት እንዳልሆንሁ ነገረኝ። ቀጥሎ «እባክሽ እንግዳ ፊት አታሳፍሪን» አለኝ።

«የምናፍረው ባይጠየቁ ነው» አልሁት። እኔ ድምፄን ዝቅ አላደረግሁም።

እናቴ ንግግራችን አልተሰማትም፤ ነገር ግን የምሳ ነገር መነሣቱን ከሰዉ ፊት ለየችው። በዘንጓ ተደግፋ ተነሣችና ልጅቱን እጇን ያዘቻት። «በሞቴ» አለቻት። «እኔ ቤት ሳትቀምሱ ከመርሳ አትወጡም።»

አሮጊት በሞቴ ካለች በኋላ እምቢ የሚል ሰው በአገራችን አላየሁም። ልጅቱም ሳቀችና ቦርሳዋን አነሣች። አስተባባሪው ቢያንስ በመኪና እንሂድ አለ። እናቴ ለዚህች ለቅርብ ቤት መኪና ምን ያደርግልኛል፣ እግር አለኝ ብላ ቀድማ ወጣች። ስድስታችን በእግር ሄድን፤ እናቴ፣ አባባ፣ ሁለቱ እንግዶች፣ አስተባባሪውና እኔ።

መንገዱ ዳር ደረስን። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ከደሴ በኩል ሁለት የጭነት መኪና ተከታትሎ አለፈ፤ ከዚያ ሚኒባስ፤ ከዚያ ባጃጅ። ትንሽ ክፍተት ሲገኝ ልጅቱ «አሁን» አለችና ሮጠች። ጓደኛዋም ሮጠ፤ አስተባባሪውም ተከተላቸው። ማዶ ደርሰው ሲዞሩ እናቴና አባባ ገና አልተነቃነቁም። ክፍተቱ ተዘግቷል። ልጅቱ ማዶ ሆና በእጇ ኑ ኑ ስትል ቆይታ፣ ግራ ቢገባት ተመልሳ መጣች።

«ለምን አልመጣችሁም?» አለች።

«እኛ የምናልፍበት ቀዳዳ ገና አልተወለደም ልጄ» አሏት አባባ።

ቆምን። እንደገና ቆምን። እናቴ ታያለች፣ አባባ ያዳምጣሉ፤ ልጅቱ ደግሞ ሁለቱን ታያለች። የእናቴን ክንድ ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ እናቴ ከለከለቻት። አትያዥኝ፣ ከጎኔ ሁኚ ብቻ አለቻት። በመጨረሻ አባባ «ቢስሚላህ» አሉ፤ እናቴ አማተበች፤ ሦስቱም ወረዱ።

መሐል ላይ ሲደርሱ ከወልዲያ በኩል ትልቅ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ይዞ መጣ። ጥሩምባውን ለቀቀው። አንድ ባጃጅ በፊታቸው አለፈ፤ ሌላው በኋላቸው። ልጅቱ እናቴ ላይ ተለጠፈች፤ ማን ማንን እንደያዘ አይለይም። እኔ ከኋላቸው ነበርሁ። እንደ ልማዴ እናቴን አፈፍ አድርጌ መሮጥ እችል ነበር፤ እጄም ተነሥቶ ነበር። ግን እኔ እስከዛሬ እየጎተትሁ ስላሻገርኋት ነው ማንም የእሷን እርምጃ አይቶት የማያውቀው። ስለዚህ አልነካኋትም። አልፌያት ሄድሁና የጭነት መኪናው ፊት ሁለት እጄን አንሥቼ ቆምሁ።

መኪናው ቆመ። ፍሬኑ ሲተነፍስ ሙቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? መንገድ እኮ ነው፣ መናፈሻ መሰለሽ?»

የመለሱለት አባባ ናቸው፤ መሐል አስፋልት ላይ ሆነው፣ ሳይቸኩሉ። «መንገድ መሆኑንማ እናውቃለን» አሉት። «እየሄድንበት ነው።»

ረዳቱ ሳቀ። ሾፌሩ የሆነ ነገር አጉረመረመና ክርኑን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀ። ከኋላው ያለውም ቆመ። ባጃጆቹም አማራጭ ሲያጡ ቆሙ። እናቴ ዘንጓን ታስቀድማለች፣ አንድ እግር ታስከትላለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ ሌላውን ታስከትላለች። ያንን አስፋልት ስንት ዓመት ሙሉ ተሻግሬዋለሁ፤ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ጾም። ጾም በመሆኑ በጀን፤ ሥጋ ስለሌለበት አባባ ከእኛ ጋር በአንድ ትሪ ይበላሉ፤ በየሳምንቱ የሚያደርጉት ነው። ሽሮ፣ ጎመን፣ የቲማቲም ቁርጥ አቀረብሁ፤ ባለቤቴ እጁን ታጥቦ መጥቶ የመርሳን ማንጎ ላጠላቸው። እንግዶቹ በሉ። እናቴ ልጅቱን አጎረሰቻት። ሁሉም ጠግቦ እጅ ከታጠበ በኋላ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«አሁን ጠይቂኝ» አለቻት።

ልጅቱ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ በከተማው ውስጥ በእግር መሄድ ይመቻል ወይ።

«አይመችም» አለች እናቴ። «ልጄ ካልያዘችኝ ከዚህ በር አልወጣም። ልጄም ሥራ አላት። ያደግሁበት ደብር ማዶ ይታየኛል፤ ባሕር የተሻገረ ያህል ራቀኝ። ያረጀው እግሬ እንጂ ልቤ አላረጀም። ለምን እንደ ከብት ተይዤ እወጣለሁ?»

ከዚያ አባባ ቀጠሉ። ከቤት ሲወጡ ውሃ እንደማይጠጡ ነገሯት። ልጅቱ አልገባትም፤ በዚህ ሙቀት ለምን አለቻቸው። ማዶ ከዋሉ የሚገቡበት መጸዳጃ ስለሌለ ነው አሏት፤ ጓደኞቻቸውም እንደዚሁ ናቸው፤ ከንፈራቸው እየደረቀ ነው የሚጫወቱት። ክዳን የሌለውን ቦይ ነገሯት። ምድሩ ሰፊ ነው የተባለው ማረፊያ የሱቆች ደረጃ እንደሆነ፣ ባለሱቁ ዕቃ ሲያወጣ ተነሡ እንደሚባሉ ነገሯት። ጓደኛዋ ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀና ብሎ ያዳምጥ ነበር።

እኔም ያየሁትን ጨመርሁ። ከተማ መመዘን እኔም አውቃለሁ፤ እናቱን ይዞ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእጇ ወልዲያ የሄድን ጊዜ ከመናኸሪያው ዳገቱን ስንወጣ የምትቀመጥበት አጣን፤ የቦይ ጠርዝ ላይ አረፍን። በአንድ ቢሮ ተራ የሚጠራው ከመስታወት ጀርባ በቀስታ ነው፤ መስኮቱም ከፍ ያለ ነው፤ እናቴ ስሟ ተጠርቶ አልፏት ስትጠብቅ ዋለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከደሴ ስንመለስ የመኪናው ጎማ ውርጌሳ ላይ ተነፈሰ። ከተሳፋሪ መሐል እናቴን ያየች አንዲት ባለሱቅ፣ ማንም ሳይጠይቃት በርጩማ ይዛ ወጣችና ጥላ ሥር አስቀመጠቻት፤ መጸዳጃዋንም አሳየቻት። ውርጌሳን ማንም ለምዘና አልጠራትም።

አስተባባሪው ግን መንገዱ የአገር መንገድ ነው፣ እኛ የምናዝበት አይደለም፣ ከበላይ ነው የሚወሰነው አለ።

«እኛስ የማን ነን?» አሉት አባባ።

ማንጎውን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ማንም ሳይጠይቀው፣ የእሱም እናት ሲሪንቃ መንገዱ ዳር እንደሚኖሩና ከግቢ ከወጡ መቆየታቸውን ነገረን። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ልጅቱ ስትሄድ የሰማችውን እንደሰማችው እንደምትጽፍ ነገረችን። ጽፋለች ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ጊዜው ሄደ፤ ነጭ መስመር የቀባ፣ ጉብታ የሠራ፣ ወንበር የተከለ ሰው አልመጣም። እኔም መጠበቁን አልወደድሁትም። የእናቴ ዕድሜ የሚጠብቅ ዕድሜ አይደለም።

በእርግጥ እናቴም አልጠበቀችም። እንግዶቹ በሄዱ ማግሥት ረፋድ ላይ ዘንጓን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና እንደ ትናንቱ እንሂድ አለችኝ። አባባም ወጥተው እየጠበቁ ነበር። ባለቤቴ እኔ ባዶ እጄን መኪና ፊት መቆሜን ሰምቶ ስለነበር፣ የተበላሸ መኪና ሲጎተት የሚሰቀለውን ቀይ ጨርቅ እንጨት ላይ አስሮ ሰጠኝ። ቢያንስ ከሩቅ ይዩሽ አለኝ። ቀዩን ጨርቅ ይዤ ቀድሜ ወረድሁ፤ እነሱ ከኋላዬ በራሳቸው እርምጃ ተሻገሩ። በማግሥቱም እንደዚሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሌሎች አሮጊቶች በዚያ ሰዓት እየመጡ እኛን መጠበቅ ጀመሩ። ከአዳራሹ የነበሩት ናቸው፤ ተመስገን ያሉት።

ሁሉም አልወደደውም። የሚሳደብ ሾፌር አለ፤ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ እጅ የሚነሣም አለ። አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው መጥቶ መኪና የማስቆም ፈቃድ ማን ሰጠሽ አለኝ። እናቴን ከደጅ ለመከልከልስ ማን ፈቀደ አልሁት። ትቶኝ ሄደ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን አንዷን አሮጊት ራሱ አሻገራት። ከሁሉ የከፋኝ የጎረቤት ነገር ነው። አንዷ በሰው ፊት «እናትሽን መኪና አስበልተሽ ልትገላገዪ ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። በማግሥቱ ግን ጨርቁን ይዤ ወጣሁ። እናቴን ቤት ቆልፌ ባኖራት ማንም ጨካኝ አይለኝም ነበር፤ ይህን ሳስበው ልቅሶዬ ይደርቃል።

አንድ ረፋድ ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟት ከአልጋዋ ሳልነሣ ዘገየሁ። ስወጣ እናቴ በር ላይ የለችም። ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ። ባለቤቴ ጨርቁን ይዞ መሐል ቆሟል፤ መኪና ግራና ቀኝ ተሰልፏል፤ አሮጊቶቹ እየተሻገሩ ነው። እናቴ ከሁሉ ኋላ ናት። ክንዷን የያዘ ሰው የለም። አባባ ከጎኗ እየሰሙላት፣ እሷ እያየችላቸው። ልጠራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ማዶ ወጥታ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች፣ ደብሩ ወዳለበት ዞራ አማተበች፣ ሄደች። ወደ ኋላ አላየችም።

እንዲህ እያልን ነው የአባባ ልጅ የመጣው። ወልዲያ ይሠራል። አባትህ መርሳ አስፋልት መሐል መኪና ያስቆማሉ ብሎ አንድ ሾፌር ነግሮት ነው። ሲመጣ ሰላምታም አልሰጠን፤ አባቴን መኪና ፊት አቆማችሁብኝ አለ። እኔን ነው ያለው። እሱ ሲናገር የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ፍርሃቱን ከእኔ በላይ የሚያውቅለት የለም። አረጋግቼ ልነግረው ሞከርሁ፤ የሚሰማበት ሁኔታ ላይ አልነበረም። ልብሳቸውንና ምንጣፋቸውን በከረጢት አድርጎ ሚኒባስ አቆመ።

አባባ ከልጃቸው ጋር አልተጣሉም። ለጥቂት ቀን ነው፣ ኢንሻአላህ እመለሳለሁ አሉን። ሊሳፈሩ ሲሉ ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው፣ እሷ እንዲሰማት ጮክ አድርገው «እታለም፣ የሚሰማልሽ ሰው ፈልጊ» አሏት።

«እሺ፤ አንቱስ የሚያይልዎት?» አለቻቸው። ሁልጊዜ አንቱና አንተን የምትቀላቅለው እናቴ ያን ቀን አልቀላቀለችም።

ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው የለም። ስልክ አይዙም። የልጃቸው ስልክ ወይ አይሠራም ወይ አይነሣም። ቤታቸው እንደተቆለፈ ነው፤ ግድግዳው ማዶ ሳል የለ፣ ሬዲዮ የለ። ልጁ የሚኖረው ፎቅ ላይ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ከሆነ በአንድ ዓይን ደረጃውን እንዴት እንደሚወርዱ አላውቅም። ልጃቸው ይህን ካነበበ ላሳዝነው ብዬ አይደለም የማስጽፈው። ነገር ግን ፊት ለፊት የምለው አለኝ። አባትህን ከመኪና አዳንኋቸው ብለህ ከሰው ለይተሃቸው እንደሆነ ይህን መዳን አልለውም፤ እኔም ለእናቴ እንዲህ ሳደርግ ነበር፤ አልተቀበለችኝም፣ ልክ ናት።

እናቴ ዛሬም በየቀኑ ትሻገራለች። አንዲት ከጀርባችን የምትኖር ባልቴት ትሰማላታለች። ቀይ ጨርቁን ባለቤቴ ወይም እኔ፣ አንዳንዴም ባለሱቆቹ ይይዙታል። ማንም ክንዷን አይዛትም። ማዶ ስትደርስ ከወልዲያ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ካየች ወደ መስኮቱ ትሄድና ስለ አባባ ትጠይቃለች። ሾፌሮቹ አላየንም ይሏታል።

ስለዚህ ወልዲያ የምትኖሩ፣ ወይም ወደዚያ የምትመላለሱ ሰዎች፣ እኔም ልጠይቃችሁ። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ግራ ዓይናቸው ነጭ ሞራ አለበት። ትውልዳቸው ግራና አካባቢ ነው፤ መርሳ ነው የኖሩት። መስጊድ በር ላይ፣ ሱቅ ደረጃ ላይ፣ ፎቅ በረንዳ ላይ አይታችኋቸው እንደሆነ ንገሩን። የመርሳ ሚኒባስ ሾፌሮች ቤታችንን ያውቁታል፤ ለማናቸውም ብትነግሩ ይደርሰናል። ደህና ናቸው ወይ? ከቤት ይወጣሉ ወይ?